ቁጥርንና መስመርን ያገናኘው ሰው፤ የሬኔ ዴካርት ሕይወትና ሥራ

ከወልቂጤ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ወደ እምድብር የሚጓዝ መንገደኛ በግራና በቀኝ ዓይኑን የሚስቡት እንሰት የከበባቸው የጉራጌ መንደሮች ናቸው። በእነዚህ መንደሮች መካከል ጀፎረ የሚባለው ሰፊና ለምለም የመንደር አውራ መንገድ ተዘርግቶ ይታያል። ጎጆዎቹ ይህንኑ ጀፎረ ተከትለው፣ ፊታቸውን ወደ እርሱ አዙረው በሁለቱም ወገን ተደርድረዋል። ጀፎረው የጋራ ሀብት ነው፤ ሰው ለደስታም ሆነ ለሐዘን የሚሰበሰበው በእርሱ ላይ ነው።

እንዲህ ባለው መንደር አንድን ቤት የሚፈልግ እንግዳ ብዙ መጠየቅ አያስፈልገውም። ከጀፎረው መግቢያ ጀምሮ ስንት እርምጃ እንደሚጓዝ፣ ከዚያም ከጀፎረው ወጥቶ ወደየትኛው ወገን ስንት እርምጃ እንደሚሄድ ከተነገረው ከቤቱ ደጃፍ ይደርሳል። በሁለት ቁጥሮች አንድ ቦታ ይታወቃል ማለት ነው።

በእምድብርም ሆነ በሌሎች የአገራችን ከተሞች የሚማሩ ልጆች በሒሳብ ደብተራቸው ላይ አንድ አግድምና አንድ ቋሚ መስመር አቋርጠው ነጥብ በነጥብ ሲያስቀምጡ፣ ነጥቦቹንም በማስመሪያ ሲያገናኙ የሚሠሩት በዚሁ ሐሳብ ነው። መምህራን ይህንን ሰሌዳ የካርቴዥያን ጠለል ይሉታል። ስያሜው የተወሰደው በላቲን ቋንቋ ካርቴሲየስ ተብሎ ይጠራ ከነበረው ከፈረንሳዊው የሒሳብና የፍልስፍና ሊቅ ከሬኔ ዴካርት ስም ነው።

የዛሬው ጽሑፋችን የዚህን ሰው የሕይወት ጉዞ፣ ቀላሉን የአልጀብራ እኩልታ በመስመር ለማሳየት ያበረከተውን አስተዋጽኦ፣ እንዲሁም ስሙን የያዘው ዕውቀት ለሕዝብ ጥቅም እንዲደርስ የሌሎች ሰዎች ድርሻ ምን እንደነበረ ይቃኛል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

የልጅነትና የትምህርት ዘመን

ሬኔ ዴካርት ማርች 31 ቀን 1596 በመካከለኛው ፈረንሳይ በቱሬን አውራጃ ላ ሄ በተባለች አነስተኛ ከተማ ተወለደ። ከተማዋ ዛሬ የምትጠራው በእርሱ ስም ነው። አባቱ ዦአሺም ዴካርት በብሪታኒ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በዳኝነት የሚያገለግል የመንግሥት ሹም ነበር። እናቱ ዣን ብሮሻር ልጇ ገና ከአንድ ዓመት ጥቂት እንዳለፈው በ1597 በሞት ተለየች። ሕፃኑ ያደገው በአያቱ ቤት ሲሆን፣ ጤናው ደካማ ስለነበር ለአቅመ አዳም መድረሱ ያጠራጥር ነበር።

አሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው ንጉሥ አራተኛው ሄንሪ ባቋቋመውና ኢየሱሳውያን በሚያስተዳድሩት የላ ፍሌሽ ኮሌጅ ገባ። በዚህ ትምህርት ቤት ላቲንና ግሪክ፣ ሥነ አመክንዮ፣ ፍልስፍናና ሒሳብ ተማረ። የኮሌጁ ኃላፊዎች የጤናውን ሁኔታ ተመልክተው ጠዋት ከአልጋው ዘግይቶ እንዲነሣ ፈቅደውለት ነበር። በአልጋ ላይ እያለ በጸጥታ የማሰብ ልማዱ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አልተለየውም።

ዴካርት በላ ፍሌሽ በሚማርባቸው ዓመታት በኢትዮጵያ ዐፄ ሱስንዮስ ነግሠው ነበር። የዚያው ማኅበር አባል የነበረው ፔድሮ ፓኤዝም በዚያን ወቅት በአገራችን ይኖር ነበር። የተማሪው ዓለምና የእኛ አገር ታሪክ በዘመን የሚገናኙት በዚህ ነው።

ወጣቱ ተማሪ ከትምህርቶቹ ሁሉ አብልጦ የወደደው ሒሳብን ነው። ምክንያቱም በሌሎቹ ትምህርቶች ሊቃውንት ሳይስማሙ ለዘመናት ሲከራከሩ፣ በሒሳብ የተረጋገጠው ነገር ግን ለማንም እኩል የተረጋገጠ መሆኑን በማስተዋሉ ነው። ይህን ያህል በጸና መሠረት ላይ ከዚያ የላቀ ሕንፃ ያለመገንባቱም ያስገርመው ነበር።

ከላ ፍሌሽ ከወጣ በኋላ በፗቲዬ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጥንቶ በ1616 ተመረቀ። ቤተሰቡ የአባቱን ፈለግ ተከትሎ በፍርድ ቤት ወንበር እንዲቀመጥ ተስፋ ቢያደርግም፣ እርሱ ግን የሕግ ሙያን አንድም ቀን አልሠራበትም።

ወታደርነትና ከቤክማን ጋር የነበረው ትውውቅ

በ1618 ዴካርት ወደ ኔዘርላንድስ አምርቶ በብሬዳ ከተማ በናሳው ልዑል በማውሪትስ ሠራዊት ውስጥ በፈቃደኝነት ተቀጠረ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር በሰባት ዓመት ገደማ ከሚበልጠው ከኢሳቅ ቤክማን ጋር ተዋወቀ። ቤክማን የተፈጥሮን ክስተቶች በሒሳብ ለመግለጽ ይጥር የነበረ ምሁር ሲሆን፣ ተቀዛቅዞ የነበረውን የወጣቱን የሒሳብ ፍቅር መልሶ አነሣሣው። ዴካርትም በ1619 መጀመሪያ በሙዚቃ ላይ የጻፈውን አነስተኛ ድርሳን በስጦታ አበረከተለት። በመጋቢት ወር በጻፈለት ደብዳቤም ማናቸውንም የመጠን ጥያቄ በአንድ ዘዴ የሚፈታ አዲስ ዕውቀት ለማዘጋጀት ማሰቡን ገለጠለት።

በዚያው ዓመት ኅዳር 10 ቀን ሌሊት በደቡብ ጀርመን፣ በምድጃ በሞቀች ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሲያሰላስል ከቆየ በኋላ ሦስት ሕልሞችን አከታትሎ አየ። ሕልሞቹንም ዕድሜውን በሙሉ ለእውነት ፍለጋ እንዲያውል የቀረበለት ጥሪ አድርጎ ተረጎማቸው።

ከዚህ በኋላ ባሉት ዓመታት በልዩ ልዩ የአውሮፓ አገሮች ተዘዋወረ። ከቤተሰቡ የደረሰውን ርስት ሸጦ ገንዘቡን ገቢ በሚያስገኝ ሥራ ላይ በማዋሉ ለኑሮው የማንንም ደጅ መጥናት አላስፈለገውም። በ1628 መጨረሻ ወደ ኔዘርላንድስ ተመልሶ ከ20 ዓመታት በላይ ኖረ። በእነዚህ ዓመታት ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወረ ብዙ ጊዜ መኖሪያውን ለውጧል። አድራሻውን የሚያውቁት ጥቂቶች ሲሆኑ፣ ከምሁራን ጋር የሚያገናኘው ዋናው ድልድይ በፓሪስ ይኖር የነበረው መነኩሴ ማራን መርሰን ነበር።

ከቤክማን ጋር የነበረው ወዳጅነት ግን በመልካም አልዘለቀም። በ1630 ዴካርት ከቤክማን የተማረው አንዳች ነገር እንደሌለ በቁጣ ጽፎ ውለታውን ካደ። የሌላውን ድርሻ ለማመን መቸገር በሕይወቱ ውስጥ ደጋግሞ የታየ ድክመቱ ነበር።

የታሸገው መጽሐፍ

ዴካርት በ1633 ዓለም የተሰኘውንና ስለ ተፈጥሮ አሠራር የሚያትተውን መጽሐፉን ወደ ማጠናቀቁ ደርሶ ነበር። መጽሐፉ ምድር በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች የሚለውን ሐሳብ የተቀበለ ነበር። በዚያው ዓመት ጋሊሊዮ ጋሊሌይ ይህንኑ ሐሳብ በመደገፉ በሮማ ተፈርዶበት እንደነበር ዴካርት በሰማ ጊዜ መጽሐፉን ከማሳተም ታቀበ። እርሱ በሚኖርበት በፕሮቴስታንቶቹ አገር የሮማ ፍርድ የሚያስፈራው ባይሆንም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር መጋጨትን አልፈለገም። መጽሐፉ የታተመው ዴካርት ከሞተ ከ14 ዓመታት በኋላ በ1664 ነው።

በ1635 ሔሌና ያንስ ከተባለች የቤት ሠራተኛ ፍራንሲን የተባለች ሴት ልጅ ወለደ። ልጁን ፈረንሳይ ልኮ ለማስተማር ዕቅድ ነበረው። ይሁን እንጂ ሕፃኗ በአምስት ዓመቷ በ1640 በትኩሳት በሽታ ሞተች። በዚያው ዓመት አባቱም አረፈ። ዴካርት የልጁን ሞት ከሕይወቱ ሐዘኖች ሁሉ የከፋ አድርጎ ይቆጥረው እንደነበር የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች ይመሰክራሉ።

ጂኦሜትሪ

በ1637 በላይደን ከተማ የደራሲው ስም ያልሰፈረበት አንድ መጽሐፍ ታተመ። መጽሐፉ ስለ አስተሳሰብ ዘዴ የሚናገር መግቢያና ሦስት ድርሳናት የያዘ ሲሆን፣ የመጨረሻው ድርሳን ጂኦሜትሪ ይባላል። በኢትዮጵያ ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደርን መዲናቸው አድርገው መገንባት በጀመሩበት ዘመን መሆኑ ነው።

መጽሐፉ የተጻፈው የሊቃውንት ቋንቋ በነበረው በላቲን ሳይሆን በፈረንሳይኛ ነው። ዴካርት ይህን ያደረገው ላቲን ያልተማረ ነገር ግን አስተዋይ የሆነ ሰው ሁሉ እንዲያነበው በማሰብ ነበር። በመግቢያውም አራት የአስተሳሰብ መመሪያዎችን አስቀምጧል። እነርሱም በግልጽ ያልታወቀን ነገር እንደ እውነት አለመቀበል፣ አስቸጋሪውን ጥያቄ በተቻለ መጠን ከፋፍሎ መመልከት፣ ከቀላሉ ተነሥቶ ወደ ውስብስቡ ደረጃ በደረጃ መሄድ፣ በመጨረሻም የተዘለለ ነገር አለመኖሩን ደግሞ መመርመር ናቸው።

የጂኦሜትሪ ድርሳኑን ታላቅነት ለመረዳት ከእርሱ በፊት የነበረውን ሁኔታ ማየት ያስፈልጋል። ጂኦሜትሪ ከጥንታውያን ግሪኮች የተወረሰ፣ በማስመሪያና በኮምፓስ የሚሠራ የቅርጽ ዕውቀት ነበር። አልጀብራ ደግሞ በዘጠነኛው መቶ ዓመት በባግዳድ የኖረው ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል ኸዋሪዝሚ መልክ ያስያዘውና ስሙንም ከእርሱ መጽሐፍ ያገኘ፣ ያልታወቀን ቁጥር ከታወቀው ፈልጎ የማግኘት ዕውቀት ነው። አል ኸዋሪዝሚ እኩልታዎቹን የጻፈው በምልክት ሳይሆን በቃላት ነበር። ፈረንሳዊው ፍራንስዋ ቪየት በ1591 ቁጥሮችን በፊደላት መወከል ቢጀምርም፣ ሁለቱ ዕውቀቶች አሁንም በየፊናቸው ነበሩ።

እንቅፋት ከሆኑት ነገሮች አንዱ የማባዛት ትርጉም ነው። በጥንቱ አስተሳሰብ አንድ ርዝመት በሌላ ርዝመት ሲባዛ ውጤቱ ስፋት ይሆናል፤ ሦስት ርዝመቶች ሲባዙ ይዘት ይሆናል፤ አራት ርዝመቶችን ማባዛት ግን በገሃዱ ዓለም ትርጉም አልነበረውም። ዴካርት አንድን ርዝመት መለኪያ አድርጎ በመምረጥ ይህንን እንቅፋት አስወገደ። መለኪያው አንድ ከሆነ 3 የሆነ መስመርና 4 የሆነ መስመር ሲባዙ ውጤቱ 12 የሆነ ሌላ መስመር ነው። ከዚህ በኋላ ማናቸውም የቁጥር ስሌት በመስመር፣ ማናቸውም መስመር በቁጥር ሊገለጽ ቻለ።

ዴካርት የአጻጻፍ ሥርዓቱንም አቃለለ። የታወቁትን መጠኖች በላቲን ፊደላት መጀመሪያ ላይ ባሉት፣ ያልታወቁትን ደግሞ በመጨረሻዎቹ ፊደላት መወከልን ያስለመደው እርሱ ነው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ያሉ ተማሪዎች ያልታወቀውን ቁጥር ኤክስ እና ዋይ እያሉ የሚጠሩት ይህን ልማድ ተከትለው ነው።

አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር ግን አለ። በዴካርት መጽሐፍ ውስጥ ዛሬ በደብተር ላይ የምናውቃቸው ሁለት ተቋራጭ ዘንጎች አይገኙም። ዴካርት የሚጠቀመው አንድ መነሻ መስመር ሲሆን፣ ርቀትን በእርሱ ላይ ከለካ በኋላ ከመስመሩ በተወሰነ ማዕዘን የሚወጡ ሌሎች መስመሮችን ርዝመት ይለካል። ሐሳቡ ከላይ ከጠቀስነው የጀፎረ ምሳሌ ጋር የሚመሳሰለው በዚህ ነው፤ ጀፎረው አንድ ነው፣ ቤቶቹ የሚታወቁት በእርሱ ላይ በተጓዙት ርቀትና ከእርሱ በራቁት መጠን ነው። ዝንብ በጣሪያ ላይ ስትሄድ አልጋው ላይ ተኝቶ ሲመለከት ሐሳቡ መጣለት እየተባለ የሚነገረውም ማስረጃ የሌለው ተረት ነው።

ቀጥታ መስመር በዕድር ምሳሌ

የዚህን ዕውቀት ቀላሉን ክፍል በአገራችን ኑሮ ምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ ዕድር ለአዲስ አባል 200 ብር መግቢያና በየወሩ 50 ብር መዋጮ ያስከፍላል እንበል። ያለፉትን ወራት ብዛት ኤክስ፣ አባሉ በጠቅላላው የከፈለውን ገንዘብ ዋይ ብንለው፣ ዋይ = 50 × ኤክስ + 200 የሚል እኩልታ እናገኛለን።

በገባበት ዕለት አባሉ የከፈለው 200 ብር ነው። ከአንድ ወር በኋላ 250፣ ከ4 ወር በኋላ 400፣ ከ10 ወር በኋላ 700 ብር ይሆናል። ወራቱን በአግድሙ ዘንግ ላይ፣ ብሩን በቋሚው ዘንግ ላይ አድርገን እነዚህን ነጥቦች ብናስቀምጥና ማስመሪያ ብናሳርፍባቸው ሁሉም በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ ይውላሉ። መስመሩ ቋሚውን ዘንግ የሚያቋርጠው በ200 ላይ ነው፤ ይህም የመግቢያው ክፍያ ነው። ወደ ቀኝ አንድ ወር በተራመድን ቁጥር መስመሩ በ50 ብር ከፍ ይላል፤ ይህም የመስመሩ ተዳፋት ሲሆን ወርኃዊውን መዋጮ ያሳያል። እንዲህ ያለውን እኩልታ ለመሳል ሁለት ነጥቦች ይበቃሉ፤ ሦስተኛው ነጥብ ስሕተት ያለመኖሩን ለማረጋገጥ ያገለግላል።

አሁን ደግሞ ሌላ ዕድር 500 ብር መግቢያና በየወሩ 20 ብር መዋጮ ቢያስከፍል እኩልታው ዋይ = 20 × ኤክስ + 500 ይሆናል። ሁለቱን መስመሮች በአንድ ሰሌዳ ላይ ብንስላቸው በ10ኛው ወር በ700 ብር ላይ ይገናኛሉ። ከ10 ወር በፊት ያነሰ ክፍያ የሚጠይቀው የመጀመሪያው ዕድር ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ሁለተኛው ይቀላል። በቃላት ቢነገር የሚያከራክር ጉዳይ በሁለት መስመሮች በግልጽ ይታያል።

ይሁንና ቀጥታ መስመር እውነት የሚናገረው የለውጡ መጠን እስካልተለወጠ ድረስ ብቻ ነው። ዕድሩ በዓመቱ አጋማሽ መዋጮውን ወደ 80 ብር ቢያሳድግ መስመሩ ከዚያች ወር ጀምሮ ይታጠፋል። በቢሮ ግድግዳ ላይ በሁለት ዓመት መረጃ ብቻ የተሰመረን መስመር ወደ ፊት አስረዝሞ የመጪውን ጊዜ ዕቅድ የሚያወጣ ባለሙያም፣ የዕድገቱ መጠን በእርግጥ ያው መሆኑን አስቀድሞ መጠየቅ ይኖርበታል።

ፌርማና ሌሎቹ ባለድርሻዎች

ሁለት ያልታወቁ መጠኖችን የያዘ የመጀመሪያ ደረጃ እኩልታ ምንጊዜም ቀጥታ መስመር እንደሚሰጥ በግልጽ የጻፈው ዴካርት አልነበረም። ይህን ያደረገው በቱሉዝ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የመንግሥት ሹም የነበረው ፒየር ደ ፌርማ ነው። ፌርማ ቀን በችሎት፣ በትርፍ ጊዜው በሒሳብ የሚደክም ሰው ነበር። ጽሑፉን ያዘጋጀው የዴካርት መጽሐፍ ከመታተሙ በፊት በ1636 ገደማ ሲሆን፣ ከቀላሉ ከቀጥታ መስመር ተነሥቶ ወደ ሌሎቹ ቅርጾች ደረጃ በደረጃ ይሄዳል። ዴካርት ግን ድርሳኑን የጀመረው የጥንቱ ሊቅ ፓፑስ ባቆየው እጅግ አስቸጋሪ ጥያቄ ነበር።

ፌርማ ሥራዎቹን ማሳተም አልወደደም። ለወዳጆቹ በእጅ ጽሑፍ ከመላክ በቀር አላወጣቸውም። በ1638 በሁለቱ ሰዎች መካከል ጥምዝ መስመርን የሚነካ ቀጥታ መስመር በሚገኝበት ዘዴ ላይ የመረረ ክርክር ተነሣ። ዴካርት የፌርማን ዘዴ ከነቀፈ በኋላ ትክክለኛነቱን ለመቀበል ተገደደ። የፌርማ ጽሑፍ ለሕዝብ የቀረበው እርሱ በ1665 ከሞተ በኋላ በልጁ ጥረት በ1679 ነው። ከ40 ዓመታት በላይ በመዘግየቱ የሰሌዳው ስም ለዴካርት ሆነ።

የዴካርት መጽሐፍም ቢሆን በታተመ ጊዜ የሚረዱት ጥቂቶች ነበሩ። ደራሲው አንዳንድ ማብራሪያዎችን ሆን ብሎ አስቀርቶ ነበርና። ይህንን ጉድለት የሞላው የላይደኑ መምህር ፍራንስ ቫን ስኾተን ነው። በ1649 መጽሐፉን ወደ ላቲን ተርጉሞ ከማብራሪያ ጋር አሳተመው፤ ከ1659 እስከ 1661 ባለው ጊዜም የተማሪዎቹን ጥናቶች ጨምሮበት በሁለት ጥራዞች አወጣው። ወጣቱ አይዛክ ኒውተን በ1664 ይህንን ትርጉም በማንበብ ወደ ታላላቅ ግኝቶቹ ተሸጋግሯል።

ዴካርት ከዜሮ በታች የሆኑ መልሶችን በሙሉ ልብ አልተቀበላቸውም ነበር። እነዚህን ቁጥሮች በሰሌዳው ላይ ማስቀመጥን እንግሊዛዊው ጆን ዋሊስ በ1650ዎቹ ሲጀምር፣ ኒውተን በ1704 ባሳተመው ሥራ አራቱንም የሰሌዳውን ማዕዘናት በሙሉ ተጠቀመባቸው። እንግዲህ ተማሪው በደብተሩ የሚስለው ሰሌዳ በአንድ ጀምበር የተሠራ ሳይሆን ከ60 ዓመታት በላይ በብዙ እጆች የተቀባበለ ነው።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

ዴካርት በ1641 የፍልስፍና አስተንትኖዎቹን፣ በ1644 ደግሞ የፍልስፍና መርሆዎችን አሳተመ። የኋለኛውን መጽሐፍ ያበረከተው ከ1643 ጀምሮ በደብዳቤ ትወያየው ለነበረችው ለቦሄሚያ ልዕልት ለኤልሳቤጥ ነው። ልዕልቲቱ ነፍስ ሥጋን እንዴት ልታንቀሳቅስ ትችላለች በሚል ያቀረበችው ጥያቄ ፈላስፋውን ክፉኛ ያስቸገረ ሲሆን፣ በ1649 ስለ ነፍስ ስሜቶች የሚያትተውን የመጨረሻ መጽሐፉን እንዲጽፍ አነሣሥቶታል። በኔዘርላንድስ ዩኒቨርሲቲዎች ግን ትምህርቱ ብርቱ ተቃውሞ ገጠመው።

በዚህ ጊዜ የስዊድን ንግሥት ክሪስቲና ወደ ቤተ መንግሥቷ እንዲመጣ ጋበዘችው። ዴካርት ከብዙ ማመንታት በኋላ በ1649 መኸር ስቶክሆልም ገብቶ በፈረንሳይ አምባሳደር በፒየር ሻኑ ቤት ተቀመጠ። ንግሥቲቱ ለትምህርት የመደበችው ሰዓት ከንጋቱ 11 ሰዓት ነበር። ዕድሜውን በሙሉ ጠዋት ከአልጋው ዘግይቶ ሲነሣ የኖረው ሰው በሰሜኑ ክረምት በጨለማ እየተነሣ ወደ ቤተ መንግሥት መሄድ ግድ ሆነበት። በጥር ወር አምባሳደሩ በሳንባ ምች ታመመ፤ ዴካርትም ሲያስታምመው ቆይቶ በተራው ወደቀ። አምባሳደሩ ሲድን፣ ዴካርት ግን ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1650 በ53 ዓመቱ አረፈ።

አስከሬኑ በስቶክሆልም ከተቀበረ ከ16 ዓመታት በኋላ ወደ ፈረንሳይ ተወሰደ። ከ1819 ጀምሮም ዐፅሙ በፓሪስ በሳን ዠርሜን ደ ፕሬ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። መጽሐፎቹ በ1663 በሮማ እንዳይነበቡ ከታገዱት መካከል ቢመዘገቡም ትምህርቱን ከመስፋፋት አላገደውም።

ከዴካርት ሕይወት ምን እንማራለን?

በካርታ ላይ እምድብርን የሚፈልግ ሰው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8 ዲግሪ ገደማ፣ ከግሪኒች በስተምሥራቅ 38 ዲግሪ ገደማ ላይ ያገኛታል። ምድርን በኬክሮስና በኬንትሮስ መክፈል ከዴካርት እጅግ የቀደመ የጥንት ሊቃውንት ሥራ ነው። ዴካርት የጨመረው ታላቅ ነገር እኩልታን ከቅርጽ ጋር ማገናኘቱ ነው። ከእርሱ በኋላ ነጥብ የቆመ ምልክት ብቻ መሆኑ ቀርቶ በሥርዓት የሚጓዝና መንገዱ አስቀድሞ በስሌት የሚታወቅ ሆነ። መሐንዲሱ የመንገዱን ዳገት የሚያሰላው፣ የፋይናንስ ባለሙያው ገቢን ከወጪ የሚያነጻጽረው፣ የጤና ባለሙያው የሕፃናትን ክብደት በገበታ የሚከታተለው በዚሁ ዘዴ ነው።

የእነዚህን ሰዎች ታሪክ አንድ ላይ ስንመለከተው ደግሞ ሌላ ቁም ነገር እናገኛለን። ፌርማ የጠራውን ዕውቀት በእጅ ጽሑፍ አስቀምጦ ሞተ፤ ጥቅሙ ለዓመታት ዘገየ። ዴካርት በሕዝብ ቋንቋ ጽፎ አሳተመ፤ ይሁን እንጂ ማብራሪያውን በመቆጠቡ ንባቡ ለጥቂቶች ብቻ ሆነ። ቫን ስኾተን ከሁለቱም የሚያንስ ሊቅ ቢሆንም ተርጉሞና አብራርቶ በማቅረቡ ዕውቀቱ ኒውተንን ከመሰለ አንባቢ እጅ ደረሰ። ስሙ ዛሬ በብዙዎች ዘንድ ባይታወቅም ያለ እርሱ ድካም የዴካርት ሥራ ያን ያህል ፍሬ ማፍራቱ ያጠራጥራል።

በየመሥሪያ ቤቱ የሚዘጋጁ ዕቅዶች፣ የአፈጻጸም ሪፖርቶችና በግድግዳ የሚለጠፉ ግራፎች ዕጣ ፈንታም ከዚህ የተለየ አይደለም። በፋይል ተቆልፎ የተቀመጠ ጥናት፣ ወይም ባለጉዳዩ ሊያነበው በማይችል መንገድ የቀረበ ቁጥር ምንም ያህል ትክክል ቢሆን ለአገር የሚሰጠው አገልግሎት ውስን ነው። መስመሩ ከየት እንደተነሣ፣ በየወሩ በምን ያህል እንደሚያድግ፣ የትስ ላይ ሊታጠፍ እንደሚችል ለሚመለከተው ሰው በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት የሥራው አንድ ክፍል ነው። በእምድብር ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ጠመኔ ይዞ ቀጥታ መስመርን የሚያስተምር መምህርም ከቫን ስኾተን ወገን የሚቆጠር ባለውለታ ነው።